መመሪያው ጥራጥሬ አለ እንጂ ምስር አላለም

ዛሬ ከሰሊጥና ከቦሎቄ ዋጋ ወጣ ብዬ ማዕድ ቤት ልግባ። ሩቅ መሄዴ አይደለም፤ የምትሸጡት ዕቃ መጨረሻው እዚያው ነው።

የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና ጤና ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አድርገዋል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ምግብ ይሰባጠር፤ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ ይበላ፤ ጨው፣ ስኳርና ዘይት ይቀነስ። እኛም እዚህ ወሎ ሰፈር፣ አምስት ሆነን በምንኖርበት ቤት፣ ይህንን ለመከተል እየሞከርን ነው። ሥራዬ ዋጋ መከታተል ስለሆነ እኔ ደንቡን ወደ ኪሎ ቀየርኩት።

ጨው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ለአምስት ሰው ቢበዛ 25 ግራም፣ በወር 750 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የገባውም እዚሁ ላይ ይታሰባል። ይሄኛው ደንብ ወጪ የለውም፤ ምላስን ማስለመድ ብቻ ነው።

አትክልትና ፍራፍሬ፦ በሰው በቀን 400 ግራም፣ ድንችን ሳይጨምር። ለአምስታችን በቀን 2 ኪሎ፣ በወር 60 ኪሎ! ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ፖም ማሳደድ አይደለም። ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮትና ሙዝ፣ ወቅቱ ያረከሰውን ከእሁድ ገበያ መግዛት ነው።

ጥራጥሬ፦ በሰው በቀን 50 ግራም ደረቅ ብለን ይዘናል። ይህ የቤታችን ልክ እንጂ የመመሪያው አይደለም። በወር 7.5 ኪሎ ይሆናል። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ማሾ በ100 ግራም ውስጥ በግምት ከ20 እስከ 26 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ጥሬ ቀይ ሥጋ ደግሞ 20 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ጥራጥሬ ሥጋን በዋጋ የትና የት ይጥለዋል። እንቁላልና ወተት ግን ጨርሶ አይቀሩም፤ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ጤፍ በጥሬው ኤክስፖርት አይደረግም፤ ጥራጥሬ ግን ይወጣል። ስለዚህ የኔ ድስት ከውጭ ገዢ ጋር ይጫረታል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨምሯል፤ ከገበሬው ሲገዛም የበለጠ ብር መክፈል ይችላል። ዘይትም ያው ነው፤ የምንጠቀመው ፓልም ዘይት ከውጭ የሚመጣ ነውና በዶላር ይተመናል።

ታዲያ መመሪያው የሚለን ምንድነው? ከአንዱ የዶላር ዕቃ ቀንሳችሁ በሌላው ላይ ጨምሩ ነው። ልዩነቱ፣ ጥራጥሬው የኛ ገበሬ ምርት መሆኑ ነው። ከወር ዘይታችሁ አንድ ሊትር ብትቀንሱ ስንት ኪሎ ክክ ይገዛል? ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በዛሬው አስሉት።

ሁለተኛው ነገር መተካካት ነው። አዲስ አበቤ ምስር ሰማይ ቢነካም ምስር ነው የሚለው። መመሪያው ግን ጥራጥሬ አለ እንጂ ምስር አላለም። እኛ ቤት እህል በረንዳ ላይ የረከሰውን እያየን እናፈራርቃለን፦ አንድ ወር ባቄላ፣ አንድ ወር አተር ክክ። ማሾንም ጨምረናል፤ በቀይ ሽንኩርትና በእርድ እንደ አልጫ ክክ ሲሠራ ልጆቹ ሳያጉረመርሙ ነው የበሉት።

ማሾ ላይ ላቁም፤ ለዩኒየኖች ቁም ነገሩ እሱ ነው። ሰሜን ሸዋና ደቡብ ወሎ በብዛት የሚያመርቱት ለውጭ ገበያ ነው፤ አገር ውስጥ ብዙ አልተለመደም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ህንድ ወደ አገሯ በሚገባ ማሾ ላይ ገደብ ጣለች። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ አገር ውስጥ የሚበላው ሰው ከሌለ የገበሬው ዋጋ የሚያርፍበት ወለል የለውም። በሽሮና በክክ የለመድነው አተር ግን የውጭ ገዢ ቢጠፋ እንኳ የአገር ቤት ገዢ አያጣም።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ፦ እንደኛ የሚበላ 1000 ቤተሰብ በወር 75 ኩንታል፣ በዓመት 900 ኩንታል ጥራጥሬ ይፈልጋል። ይህ ገዢ ኤልሲ አይከፍትም፣ መርከብም አይጠብቅም። የሚፈልገው ጠጠር የሌለበት፣ የተበጠረ፣ ሚዛኑ ያልጎደለ የ5 ኪሎ እሽግ ነው። ለኤክስፖርት የገዛችሁት ማበጠሪያ ሥራ በሚፈታበት ወር ይህንን ማዘጋጀት ይችላል።

ላኪዎቻችን ዶላሩ ያስፈልገናል፣ ማንም አይክድም። ግን የሁለት ገዢ ዕቃ የያዘ ሰው እንቅልፉ የተሻለ ነው። በእናንተ አካባቢ የትኛው ጥራጥሬ ነው በዚህ ሳምንት የረከሰው? ከታች ጻፉልን። ሰላም ሰንብቱ!