ያውቁ ኖሯል? የኢንሱሊን ኃይል ስለሚመዘንበት መስፈርት

ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ወደ ወላይታ ሶዶ የሄደ የስኳር ሕመምተኛ በሚቀበለው የኢንሱሊን ብልቃጥ ላይ «በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት» ተብሎ መጻፉ፣ ኃይሉም በግራም አለመነገሩ፣ መድኃኒቱ ጥንት ከእንስሳት ቆሽት ይወጣ ስለ ነበርና በክብደት የተካከለው ሁሉ በኃይል ስላልተካከለ ነው።

ስለዚህም ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል በሆነችበት በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጥላ ሥር የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ በ1925 እ.ኤ.አ. አንድ ደረቅ የኢንሱሊን ዱቄት ለዓለም ሁሉ መስፈርት አድርገው፣ 1 ሚሊ ግራሙ 8 ዩኒት ይሁን ሲሉ ደነገጉ፤ ሌላው ኢንሱሊን ሁሉ፣ ምግብ በተከለከለች ጥንቸል ደም ውስጥ ስኳርን የሚቀንስበት ኃይል እየታየ፣ ከዚያ ጋር ይመሳከር ነበር። ዛሬ ይህን አደራ የያዘው የዓለም ጤና ድርጅት ነው።

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ብልቃጡ 100 የሚል ከሆነ መርፌውም 100 የሚል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይውጉ።