የጠገራ ብር ዋጋ እንዴት ይገመታል?

በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በሚያልፈው የንግድ መንገድ ላይ ጠገራ ብር፥ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር፥ ለብዙ ዘመን መገበያያ ሆኖ ኖሯል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ግን ከገበያ እየራቀ ሄደ። ዛሬ በእኛ በገለጉም ሆነ በሌላው አገር የሚገኘው በሣጥን ውስጥ ወይም በእናቶች አንገት ላይ ነው። ችግር ደርሶበት ይህን ቅርስ ለመሸጥ የተገደደ ቤተሰብ ዋጋውን ካላወቀ፥ የአያቶቹን ጥሪት ገዢው በጠራው ገንዘብ ይለቃል። ስለዚህ የአገማመቱን መንገድ ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፥ ክብደቱ ነው። ጠገራ ብር አዲስ ሳለ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፥ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ይኸውም 23.39 ግራም ንጹሕ ብር መሆኑ ነው። ለምሳሌ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ 200 ብር ነው ብንል፥ 23.39 በ200 ሲባዛ 4,678 ብር ይሆናል። አንጥረኛው ለድካሙ ጥቂት ቢቀንስም፥ ከዚህ እጅግ አሳንሶ መሸጥ ኪሣራ ነው። ክብደቱ በብዙ የጐደለ ወይም ማግኔት የሚስበው ከሆነ ግን ሐሰተኛ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ዕድሜውና ብዛቱ ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል ቍጥር አለ፤ ይህ በፈረንጆች አቈጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፥ በሮም፥ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በቦምቤይም ሲሠራ ያው ቍጥር አልተለወጠም፤ በቪየና እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዲህ ቍጥሩ ዕድሜውን አይነግረንም። ቍጥሩ በመቶ ሚሊዮኖች ስለሆነም አብዛኛው ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በ1887 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የምኒልክ ብር ግን በማዕድኑ ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፥ የተሠራው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢዎች አብልጠው ይፈልጉታል።

ሦስተኛ፥ ደኅንነቱ ነው። በአሜሪካ በ1949 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሼልደን የተባለ ሰው ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ማዕርግ አወጣ። ዛሬም ባለሙያዎች መርምረው ማዕርጉን ይሰጡና ሳንቲሙን በሚያሳይ ፕላስቲክ ያሽጉታል። በካናዳና በአሜሪካ በበረዶ ላይ እንደ ገና የሚጫወቱት የሆኪ ተጫዋቾች ሥዕል ያለበት ካርድም እንዲሁ ከ1 እስከ 10 ይመዘናል። የዌይን ግሬትስኪ የ1979 እ.ኤ.አ. ካርድ 10 ያገኘው በ2021 እ.ኤ.አ. 3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ 9 ያገኘው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ አለው። ጠገራ ብርም ለድሪ ከተበሳ ወይም ጆሮ ከተበየደለት በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል፤ የማዕድኑ ዋጋ ግን ይቀራል። በአመድ፥ በአሸዋ ወይም በሎሚ ማሸትም ያበላሸዋልና ጥቍረቱን ሳይነኩ መተው ይሻላል።

አራተኛ፥ የተጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ዋጋ መመልከት ነው። ሻጭ የፈለገውን ይጠራል፤ እውነተኛው ዋጋ ግን ገዢ ከፍሎ የወሰደበት ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት አንጥረኛ ሳይጠይቁ መሸጥ አይገባም።

በመጨረሻም፥ በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። እኛ በጠረፍ የምንኖር ይህን ከሌላው ይልቅ ልናስታውስ ይገባናል።

ተማሪ ሆይ፥ ሚዛንና ማባዛት በትምህርት ቤት ተምረሃል። እናትህ ብሯን ለመሸጥ ስትነሣ አብረህ ሂድና መዝንላት፤ ትምህርትህ በዚያን ቀን ለቤትህ ይጠቅማል።