ድምፅ የሌለው ንግግር፦ በኢ-ሜይል ስንጻጻፍ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ሐሳባቸውን የሚገልጹት በቃላት ብቻ አይደለም። የድምፅ ቃና፣ የፊት ገጽታ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ሁሉ የንግግሩ አካል ናቸው። በኢ-ሜይል ስንጻጻፍ ግን ከተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። ለመሆኑ ይህ ጉድለት በምሁራን መካከል ምን ያስከትላል?

አንድ ምሳሌ ከፊዚክስ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያዎች በኮምፒውተር አማካይነት በአንድ እንቆቅልሽ ላይ ይወያዩ ነበር፦ ገመዱ ተበጥሶ ቁልቁል በሚወድቅ አሳንሰር ውስጥ ያሉ የሜርኩሪ ጠብታና የሚነድ ሻማ ምን ይሆናሉ? (መልሱን ለአንባቢያን እንተወዋለን።) ከመካከላቸው አንዱ ለቀልድ ያህል፣ በፊዚክስ ሙከራ ሳቢያ አንደኛው አሳንሰር በሜርኩሪ ተበክሏል የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈ። የውይይቱን መነሻ ያላዩ ሰዎች ነገሩ እውነት መሰላቸው። ስለዚህም ቀልድን ከቁም ነገር የሚለይ ምልክት ተፈለገ። መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982) ስኮት ፋልማን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ተደርድረው ፈገግታን እንዲያመለክቱ ሐሳብ አቀረበ። ቃና ሲጠፋ የተማረ ሰውም ይሳሳታል ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ ታላቅን ሰው ስናነጋግር አክብሮቱ በቃሉ ውስጥ አለ፤ በአማርኛ «እርስዎ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ኢሲን» እንላለን። የሳይንስ ጽሑፍ ልውውጣችን ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ጆንያ ይከታል።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈው የአንድ መስመር መልእክት ደረሰን። «የአራተኛው ጥያቄ መልስ ስሕተት ነው፤ አርም» ብለን አነበብነው። ሰላምታ አልነበረውም፤ የላኪው ስም እንኳ ከግርጌ አልሰፈረም። ቅር ተሰኝተን ሁለት ቀን ዝም አልን። በኋላ ስሌቱን ስንመረምር የመቀነስ ምልክት ዘለን ኖሯል። ተማሪው ቢሯችን መጥቶ፣ «መምህር፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው ያሳጠርኩት» አለን። እሱ «ያርሙ» ብሎ የጻፈውን እኛ «አርም» ብለን አንብበን፣ በእኛ ኩርፊያ ምክንያት የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ሁለት ቀን በተሳሳተ መልስ ሲያጠኑ ሰነበቱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለመልእክቱ ግልጽ ርዕስ እንስጠው። ሰላምታ እናስቀድም፤ ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደምንጽፍና ምን እንደምንፈልግ በአጭሩ እንግለጽ፤ በምስጋናና በስማችን እንዝጋ። የውጭ አገር ምሁር ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ በአባታችን ስም ቢጠራን ንቀት አይምሰለን፤ በየትኛው ስም እንድንጠራ እንደምንሻ በትሕትና እንንገረው።

ስንተች ደግሞ ትችታችን በሥራው ላይ ይሁን። «አልገባዎትም» ከማለት «በሦስተኛው መስመር ምልክቱ የተለወጠበት ምክንያት አልታየኝም» ማለት ስሕተቱን በትክክል ያሳያል፤ ጸሐፊውም ሳይከፋ ወደ ስሌቱ እንዲመለስ ይረዳዋል።

የአንባቢም ድርሻ አለ። ሸካራ መልእክት ሲደርሰን ከመቆጣታችን በፊት ስሌቱን እንመርምር። ያ ተማሪ ትክክል ነበር።