የኤሌክትሪክ መኪና የጉዞ ርቀት፣ ባትሪና ቻርጅ በድሬዳዋና በጀልዴሳ መስመር

የኤሌክትሪክ መኪና የጉዞ ርቀት ማለት መኪናው አንድ ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ የሚሄደው የኪሎ ሜትር ብዛት ነው። ይህ ቁጥር በሻጩ ብሮሸር ላይ እንደ መኪናው ቁመት ወይም ክብደት አንድና ቋሚ ሆኖ ይጻፋል። በተግባር ግን በፍጥነት፣ በዳገት፣ በሙቀት፣ በመንገዱ ዓይነትና በባትሪው ዕድሜ ይለዋወጣል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ማንበብ ግድ ሆኖበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ጀልዴሳ የሚወስዱት መንገዶች ቁጥሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ በደንብ ያሳያሉ፤ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ረጅም ጎዳናም፣ ቀጥ ያለ ዳገትም፣ ሙቀትም፣ ኮረኮንችና አሸዋም አሉባቸው።

ኪሎዋት ሰዓት

የባትሪ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ለነዳጅ መኪና ሊትር ማለት የሆነውን ያህል ለኤሌክትሪክ መኪና ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቤት ቆጣሪ ላይ የሚቆጠረውና የሚከፈልበትም ይኸው መለኪያ ነው። ለምሳሌ ሲጉል የተባለችው ትንሿ የቢዋይዲ መኪና በሁለት ዓይነት ባትሪ ተሠርታለች፤ አንዱ 30.08፣ ሌላው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከፍ የሚለው የዚሁ ፋብሪካ ዩዋን ፕላስ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ አለው።

መካከለኛ መጠን ያለው መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ እንደ ሁኔታው ከ13 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ርቀቱን ለማወቅ የባትሪውን መጠን ለፍጆታው ማካፈል ነው። በብሮሸሩ ላይ ካለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ይልቅ ይህን ስሌት መልመድ ይሻላል፤ ምክንያቱም የባትሪው መጠን በየጉዞው ብዙም አይለዋወጥም፣ ፍጆታው ግን በየመንገዱ ይለያያል።

በብሮሸሩ ላይ ያለው ቁጥር

ዩዋን ፕላስ በቻይናው መለኪያ (ሲኤልቲሲ) 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። በአውሮፓ አትቶ 3 ተብሎ የሚሸጠው ይኸው መኪና፣ በዚያው ባትሪ፣ በአውሮፓው መለኪያ (ደብሊውኤልቲፒ) 420 ኪሎ ሜትር ተሰጥቶታል። የ90 ኪሎ ሜትር ልዩነት የመጣው መኪናው ስለተለወጠ ሳይሆን ፈተናው ስለተለወጠ ነው። የቻይናው ፈተና ቆም፣ ሄድ የሚበዛበትን የከተማ ትራፊክ የሚመስል ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፓው አማካይ 46.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍተኛው ፍጥነት 131 ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው አብሯቸው የሚመጣው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የቻይናው ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው እንዲያውም ብዙ ላይርቅ ይችላል። ድሬዳዋ እሄድበታለሁ ብሎ ለገዛው ግን ሌላ ነው። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ድርብ ስለሚያድግ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ማለት አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምረዋል። የነዳጅ መኪና በከተማ ብዙ፣ በአገር አቋራጭ ጥቂት እንደሚፈጅ የለመደ ሾፌር እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ተቃራኒው ነው።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ

መንገዱ እንደ ምርጫው ከ450 እስከ 515 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 990 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሄጂው አብዛኛውን ቁልቁለት፣ ተመላሹ ዳገት ነው።

ሰዎችና ሻንጣ ጭኖ 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት መኪና በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ባለው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ በሜዳ ቢሆን 37 ኪሎዋት ሰዓት ይወስድ ነበር። መኪናው ግን 1,350 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከክብደቱ 7 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት ያገኛል። ከዚህ የተወሰነው በብክነት ቢጠፋና 5ቱ ቢተርፍ አዋሽ ሲደርስ የፈጀው 32 ይሆናል። በዚያው መንገድ ሲመለስ ያንኑ ከፍታ መውጣት ስላለበት ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመርበትና ፍጆታው 45 ይደርሳል። መኪናው፣ ሾፌሩና ርቀቱ አንድ ሆነው ሳለ ልዩነቱ 13 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሜዳ ላይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ማለት ነው።

ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ያለው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሌላ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ድምሩ 72 ነው፤ ባትሪው ደግሞ 60። በብሮሸሩ 510 ኪሎ ሜትር የተባለለት መኪና 450ውን ሳይጨርስ ይቆማል ማለት ነው። ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ይቅር ከተባለ በመንገድ ላይ ቢያንስ ከ18 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት መሞላት አለበት። 60 ኪሎዋት የሚሰጥ ፈጣን ቻርጀር ከተገኘ ይህ ከቡና ጋር 20 ወይም 25 ደቂቃ ነው። የተገኘው የሆቴል ሶኬት ከሆነ ግን ወደ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ መኝታ መያዝ ነው። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ለጉዞው ወሳኙ ጥያቄ ባትሪው ስንት ይይዛል ከሚለው ይልቅ አዋሽና ሚኤሶ ላይ ምን ዓይነት መሰኪያ አለ የሚለው ነው።

በዚሁ አቅጣጫ የሚሄደው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ነገር ግን ኃይሉን ከራሱ በላይ ከተዘረጋው 25 ኪሎቮልት ሽቦ እየወሰደ ስለሚሄድ ባትሪ ተሸክሞ የመጓዝ ችግር የለበትም።

የደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም በደንገጎ በኩል ያለው ዳገት ከባድ ነው። ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ከላይ የተጠቀሰው መኪና ሲወጣ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሲወርድ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ይፈጃል። ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው (በኤሌክትሪክ መኪናም ስሙ አልተለወጠም) ሲያነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ መኪናውንም ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ መልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ሐረር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጠዋት ደንገጎን የሚወርድ መኪና ያንን የሞተር መያዝ በከፊል ወይም በሙሉ ያጣል፣ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ስለዚህ ከዳገት አናት የሚነሳ ሰው 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ቻርጁን ቢነቅል ለፍሬኑም ለኪሎ ሜትሩም ይጠቅመዋል።

ሙቀት

በድሬዳዋ በሰኔ ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። በቀዝቃዛ አገሮች ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በረዶ ባትሪን እንዴት እንደሚያዳክም ነው፤ ለድሬዳዋ ያ ጉዳይ አያስጨንቅም። እዚህ ሙቀት ሁለት ነገር ያደርጋል።

የመጀመሪያው የማቀዝቀዣ ፍጆታ ነው። ኤሲው 1.5 ኪሎዋት ቢወስድ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይጨምራል። በከዚራና በመጋላ መካከል በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ለሚውል መኪና ግን ያው ኤሲ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የሚቆጠረው በርቀት ሳይሆን በሰዓት ነውና።

ሁለተኛው እርጅና ነው። ባትሪ ሥራ ላይ ባይሆንም እንኳ በውስጡ ያለው ኬሚካል ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይህ ለውጥ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል የሚለው በኬሚስትሪ የታወቀ ግምት ነው። ባትሪው በሞላ መጠን እርጅናው ይብሳል። የቢዋይዲ መኪኖች የሚጠቀሙበት የሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ባትሪ (ኤልኤፍፒ) ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀትን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሞላል። ይሁንና ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ስለሚቆይ መኪናው ስንት በመቶ እንደቀረው በትክክል እንዲያውቅ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት ያስፈልገዋል። ለድሬዳዋ የሚስማማው ሌሊት፣ አየሩ ሲበርድ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ወዲያው መንዳት ነው። የሞላ መኪና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆም ግን ለባትሪው ጥሩ አይደለም።

ብዙ አምራቾች ለባትሪ የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ የተለመደው ገደብ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው። ከ60 ኪሎዋት ሰዓት 70 በመቶው 42 ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በዳሽቦርዱ ላይ “100” የሚል ቢያይም የየትኛው ባትሪ መቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ቻርጅ ማድረግ

የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አብሮ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ከወሰደ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ባትሪው ውስጥ የሚገባው ከ2 ያንሳል። የባለ 60ውን ባትሪ ከ10 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 42 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ በዚህ ዓይነት 21 ወይም 22 ሰዓት ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚገጠም የ7 ኪሎዋት ቻርጀር በ7 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ለዚህ ግን 32 አምፔር የሚችል ቆጣሪ፣ ወፍራም ሽቦና መሬት ውስጥ የገባ አስተማማኝ ኤርዝ ያስፈልጋል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ የሶኬትና የቤት ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። ኃይል ሲዳከምም ጊዜው ይረዝማል፤ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ከወረደ በዚያው 10 አምፔር የሚገኘው 1.8 ኪሎዋት ብቻ ነው።

ፈጣን ቻርጅ ቀጥተኛ ኃይል በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካል። ፍጥነቱ ግን እስከ መጨረሻ አይዘልቅም፤ ከ80 በመቶ በኋላ መኪናው ራሱ ይቀንሰዋል። የመጨረሻዋን 20 በመቶ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ከኋላ ወረፋ ካለ ደግሞ ነውርም ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጣቢያ ከፍቷል።

የመሰኪያው ዓይነትም አንድ አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ጂቢ/ቲ በተባለው፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 በተባለው መሰኪያ ይሞላሉ። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ስማቸውና መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ፎልክስቫገን አይዲ 4 መኪኖች እንደ መጡበት አገር የተለያየ መሰኪያ ሊኖራቸው ይችላል።

ጀልዴሳ

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ዋና ማረፊያና የቀረጥ መቀበያ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ ቆላውን አቋርጠው የመጡት ግመሎች እዚህ ጭነታቸውን ያራግፉና ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት በቅሎና አህያ ይረከቡት ነበር። ዛሬ ባትሪ ለውጦ መሄድ የሚባለው አሠራር ከዚህ ብዙም አይለይም። ባቡሩም ቢሆን ዳገቱን አልደፈረም፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣቱ ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ድሬዳዋ ላይ ቆመ፣ ከተማዋም ከዚያ በኋላ አደገች። የጀልዴሳ ገበያም በዚያው ቀዘቀዘ።

ከድሬዳዋ ጀልዴሳ ደርሶ መመለስ ለዘመናዊ የኤሌክትሪክ መኪና በርቀት ደረጃ አያሳስብም። የሚያሳስበው መሬቱ ነው። በጥሩ አስፋልት ላይ ጎማውን ለማንከባለል ብቻ ከላይ የተጠቀሰው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። በኮረኮንች ይህ በእጥፍ ያድጋል፤ ልቅ አሸዋ ባለበት የደረቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ከዚያም ይበልጣል። ባትሪው በመኪናው ወለል ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ድንጋይ የሚመታው ከመኪናው ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ነው። በገጠር መንገድ ለሚሠራ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር በፊት ከመሬት ያለውን ከፍታና የባትሪውን መከላከያ ሳንቃ ማየት ይቀድማል።