የሠርግ ካሴታችሁን ወደ ፍላሽ ከማስገልበጣችሁ በፊት

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በካሴቱ መስኮት በኩል የክሩን ጥቅል ብርሃን ላይ እዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በፍጹም አታጫውቱት። ክሩ ሊበጠስ ይችላል፣ ሻጋታውም በዴኩ ሄድ በኩል ወደ ሌሎቹ ካሴቶቻችሁ ይዛመታል። መጀመሪያ ባለሙያ ያጽዳው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት እዚህ ሲጫወት ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ምስሉ ከተንሸራተተ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ አደራ! እዚያ የሚቀረጸው ኤንቲኤስሲ በሚባል የቪዲዮ ሥርዓት፣ በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ነው፤ የእኛው ሥርዓት ፓል ደግሞ 25። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ሲገኝ ቀለሙ ይመለሳል።

በካሴቱ ጀርባ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሯት፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት በላዩ አይቀዳበትም።

ግልበጣ አቋራጭ የለውም፤ የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል። ቴሌቪዥን ላይ ከፍቶ በስልክ ለሚቀርጽላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ከዴኩ በቀጥታ በኬብል ወደ ኮምፒውተር መግባት አለበት።

ደግሞም ቶሎ በሉ። የጃፓኑ ዴክ አምራች ኩባንያ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ዴክ ማምረት አቁሟል፤ መለዋወጫም እየጠፋ ነው። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ዋናውን ካሴት ግን ከተገለበጠ በኋላም አትጣሉት።