ሚኒስትር ሲጠየቅ፦ የምክር ቤት ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

በቴሌቪዥን የምናየው እንዲህ ነው። ሚኒስትሩ መድረክ ላይ ወጥተው የመሥሪያ ቤታቸውን የስድስት ወይም የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ያቀርባሉ። የምክር ቤት አባላት እጃቸውን እያወጡ «አመሰግናለሁ የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ብለው ጥያቄያቸውን ያነሳሉ። ሚኒስትሩ ማስታወሻቸውን እያዩ ይመልሳሉ፤ የማጠቃለያ አስተያየት ይሰጥና ስብሰባው ያበቃል። ቤቱ ተቀምጦ የተከታተለ ሰው «ታዲያ ምን ተገኘ?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱን በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ከፈለግነው አናገኘውም። ጥያቄ ጉልበት የሚያገኘው ከስብሰባው በፊት ከተሰበሰበው ሰነድና ከስብሰባው በኋላ ከሚደረገው ክትትል ነው። መድረኩ የሁለቱ መገናኛ ነው። ይህን ሂደት ማወቅ ደግሞ ለፖለቲከኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የሚጠየቀው ስለ እኛ ውሃ፣ መንገድ፣ መድኃኒትና ግብር ነው።

የመጠየቅ ሥልጣኑ ከየት መጣ?

ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ከዚህም ያልፋል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ሥልጣን ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ሊወስን ይችላል። አንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን እንደሚጠየቅ ይናገራል።

ጠያቂውም ዋስትና ተሰጥቶታል። በአንቀጽ 54 መሠረት አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ይህ ለአባላቱ የተሰጠ ምቾት አይደለም። ፈርቶ የሚጠይቅ እንደራሴ የመረጠውን ሕዝብ ጥያቄ ሊያነሳ አይችልም።

ገንዘቡና የቀን መቁጠሪያው

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሚኒስቴሮች በዓመቱ መጀመሪያ እቅዳቸውን ያቀርባሉ፤ በግማሽ ዓመቱና በዘጠነኛው ወር አፈጻጸማቸውን ይናገራሉ። ወደ ክረምቱ ሲቃረብ የገንዘብ ሚኒስትሩ የቀጣዩን ዓመት ረቂቅ በጀት ይዘው ይመጣሉ፤ ረቂቁ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ ከተመረመረ በኋላ ይጸድቃል።

በጀቱ መደበኛ ወጪ፣ የካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተብሎ ይከፋፈላል። ለ2017 የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ደረሰ። ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ማለት ግን እጥፍ መንገድና እጥፍ መድኃኒት ማለት አይደለም። በመካከሉ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ 2017 ራሱም ተጨማሪ በጀት ታውጆለታል። ስለዚህ «በጀታችን አደገ» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ብር ምን ያህል ሥራ ይገዛል?» የሚል መሆን አለበት።

ቋሚ ኮሚቴው፦ ዋናው ሥራ የሚሠራበት

ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ የአንድን ሚኒስቴር መዝገብ ሊፈትሽ አይችልም። ስለዚህ አባላቱ በቋሚ ኮሚቴዎች ይመደባሉ፤ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውሃንና መስኖን፣ ከተማንና ትራንስፖርትን የሚከታተሉ ኮሚቴዎች አሉ። ኮሚቴው የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት እቅድ ይቀበላል፣ በየጊዜው የሚመጣውን ሪፖርት ከእቅዱ ጋር ያመሳክራል፣ ለመስክ ምልከታ ፕሮጀክቱ ድረስ ይሄዳል።

ትልቁ ጉባኤ ላይ ሚኒስትሩ ሲቀርቡ ጥያቄውን የሚከፍተውም በመጨረሻ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ለይቶ የሚያጠቃልለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ኮሚቴ ነው። ሪፖርቱ «ሆስፒታሉ ሥራ ጀምሯል» እያለ የኮሚቴው አባላት በመስክ ያዩት የተዘጋ በር ከሆነ ጥያቄው ወዲያው ይቀየራል። ሚኒስትሩ መከራከር ያለባቸው ከግምት ጋር ሳይሆን ከታየ ነገር ጋር ይሆናል።

ዋና ኦዲተር፦ የጠያቂው ዐይን

እድር ያለበት ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ገንዘብ ያዡ ስንት እንደተሰበሰበና ስንት እንደወጣ ለአባላት ይናገራል፤ ደረሰኙንና ካዝናውን የሚያመሳክረው ግን ራሱ ገንዘብ ያዡ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። በፌዴራል መንግሥት ይህን ሥራ የሚሠራው ዋና ኦዲተር ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል፤ የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮም ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ምርመራው ሁለት መልክ አለው። የፋይናንስ ኦዲት ገንዘቡ በሕጉና በመመሪያው መሠረት ወጥቶ እንደሆነ ይመረምራል። የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ገንዘቡ የታሰበለትን ውጤት አምጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል፦ ማሽኑ ተገዝቷል፣ ግን ይሠራል? መድኃኒቱ ገብቷል፣ ግን ጊዜው ሳያልፍ ለታካሚ ደርሷል?

በኦዲት ሪፖርቶች ውስጥ ተደጋግመው የሚነሱ ጥቂት ቃላት አሉ። «ያልተወራረደ ሒሳብ» ማለት በቅድሚያ ተከፍሎ ማስረጃው ያልቀረበለት ገንዘብ ነው። «ተሰብሳቢ» መንግሥት ሊቀበለው የሚገባ ገና ያልተከፈለው ገንዘብ ነው። «ከግዥ አዋጅና መመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ» የሚለው ጨረታ መውጣት ሲገባው ሳይወጣ የተፈጸመን የመሰለ ግዥ ያጠቃልላል። እያንዳንዱ ግኝት ወንጀል ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የመዝገብ አያያዝ ድክመት ነው። ሆኖም ለሁሉም መልስ መሰጠት አለበት።

የኦዲት ግኝቱን ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ፊት ለፊት የሚጠይቀው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ኃላፊዎቹ ዋና ኦዲተር በተገኘበት መድረክ ለግኝቶቹ አንድ በአንድ መልስ ይሰጣሉ፤ ኦዲተሩም መልሱ ግኝቱን ይዘጋው እንደሆነ ይናገራል። የገንዘብ ሚኒስቴርና የፍትሕ ሚኒስቴር ተወካዮችም የሚገኙበት ጊዜ አለ። ከምክር ቤቱ መድረኮች ሁሉ ዝርዝር ጥያቄና ዝርዝር መልስ የሚሰማው በብዛት እዚህ ነው።

በእንግሊዝ ተመሳሳይ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ አለ፤ ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወገን እንዲሆን ማድረግም እዚያ የቆየ ልማድ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ወገን የወጪ መርማሪውን ወንበር አይዝም ማለት ነው። በእኛም አገር በ2013 ከተመረጠው ምክር ቤት ወዲህ ይህን ኮሚቴ ከመሩት አንዱ የተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አባል ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። ክርስቲያን በ2015፣ በዚያው ዓመት ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር በተያያዘ ወቅት ታስረዋል፤ የጠያቂ እንደራሴ ዋስትና በተግባር ምን ያህል ይጸናል የሚለው ክርክር ሲነሳ የሳቸው ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ደካማ ጥያቄና ጠንካራ ጥያቄ

አንድ ምሳሌ እናብጅ። የውሃ ጉድጓድ ፕሮጀክት አለ እንበል፤ የዓመቱ እቅድ 100 ጉድጓድ ቆፍሮ አገልግሎት ላይ ማዋል ነው። አንድ አባል ተነስተው «የንጹሕ መጠጥ ውሃን ተደራሽ ለማድረግ ምን እየተሠራ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሚኒስትሩ ግማሽ ሰዓት ሊናገሩ ይችላሉ። ስለ ስትራቴጂው፣ ስለ ተሰጠው ትኩረት፣ ስለ ቅንጅታዊ አሠራሩ ያብራራሉ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን ልንይዘው የምንችለው ነገር አልተሰጠንም።

አሁን ሌላ አባል ይነሱ፦ «ሪፖርትዎ ሰማንያ በመቶ ተከናውኗል ይላል። ከተቆፈሩት ውስጥ ዛሬ ውሃ የሚሰጡት ስንት ናቸው? ለፕሮጀክቱ ከተመደበው በጀት እስካሁን የወጣው ስንት በመቶ ነው? ውሃ የማይሰጡትን የሚያስጠግነው የትኛው ክፍል ነው፤ እስከ መቼ?» ይህ ጥያቄ አራት መያዣ አለው፦ ውጤት፣ ገንዘብ፣ ኃላፊና ቀን። በንግግር ብቻ ሊታለፍ አይችልም።

በተለይ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። አንዱ የፊዚካል አፈጻጸም ነው፤ ሥራው ምን ያህል ተሠራ። ሁለተኛው የፋይናንስ አፈጻጸም ነው፤ ገንዘቡ ምን ያህል ወጣ። ገንዘቡ ሊያልቅ ተቃርቦ ሥራው ግማሽ ላይ ከሆነ የዋጋ ንረት፣ የውል ችግር ወይም ብክነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው ገንዘቡ ሳይነካ ሰኔ ከደረሰም ቁጠባ ነው ብለን አንደሰት። አገልግሎቱን ያላገኘ ሰው አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ በጀት ለመዝጋት የሚደረገው ጥድፊያም ለችኩል ግዥ በር ይከፍታል።

የመድረኩ አሠራርም ለጥያቄው ጥንካሬ ድርሻ አለው። ብዙ አባላት በተከታታይ ጠይቀው ሚኒስትሩ ወይም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድነት ሲመልሱ ከባዱ ጥያቄ በቀላሎቹ መካከል ሊዋጥ ይችላል። ተከታይ ጥያቄ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ «ይህኛው አልተመለሰም» የሚል ሰው ሲኖር ማምለጥ ይከብዳል። የምክር ቤቱ ስብጥርም ይወስናል። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም 547 መቀመጫዎች ይዘው ነበር፤ በሰኔ 2013ቱ ድምፅ አሰጣጥ ደግሞ ብልጽግና ፓርቲ ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸንፏል። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት የገዢው ፓርቲ አባላት የገዛ ጓዶቻቸውን ካልጠየቁ ጥያቄ የሚያነሱት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ። ሕገ መንግሥቱ እያንዳንዱን አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ አድርጎ ለሕሊናው ተገዢ ያደረገውም ለዚህ ነው።

ጥያቄው ለማን ይቅረብ?

ብዙ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ የተሳሳተ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። የወረዳ ጤና ጣቢያና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋናነት የክልል ሥራዎች ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጋፍ ይሰጣል፤ የማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ ክልል ከደረሰ በኋላ ለአጠቃቀሙ በዋናነት የሚጠየቀው የክልሉ መንግሥት፣ ጠያቂውም የክልሉ ምክር ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ የፌዴራል አውራ ጎዳና፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ፓስፖርትና የኤምባሲ አገልግሎት ግን በፌዴራሉ ምክር ቤት የሚነሱ ናቸው። ውጭ አገር ሆኖ ፓስፖርት ለማሳደስ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊም ጉዳዩ በዚህ መድረክ ሊነሳለት ይገባል።

ከስብሰባው በኋላ

ኮሚቴው በመድረኩ መጨረሻ አቅጣጫ ያስቀምጣል፦ መሥሪያ ቤቱ ግኝቱን የሚያርምበትን የድርጊት መርሃ ግብር እስከዚህ ቀን ያቅርብ፣ ያልተወራረደው ይወራረድ፣ ያጠፋው ላይ እርምጃ ይወሰድ። ምክር ቤቱ ራሱ አይከስም፣ አያስርም፤ ምርመራው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ፣ ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። የምክር ቤቱ ጉልበት ግን በጀት ማጽደቁ፣ የሚኒስትሮችን ሹመት ማጽደቁና ማንኛውንም ባለሥልጣን ደግሞ መጥራት መቻሉ ነው። ይህ ጉልበት የሚባክነው ያው ግኝት በየዓመቱ እየተነበበ፣ ያው «እናስተካክላለን» እየተደመጠ፣ ቀጣዩ በጀት ሳይነካ ሲጸድቅ ነው።

እርስዎስ?

እንደራሴዎች በእረፍት ጊዜያቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ሄደው መራጮቻቸውን ያነጋግራሉ። ያን ቀን «መንገድ የለንም» ከማለት ይልቅ መንገዱ መቼ እንደተጀመረ፣ የትኛው ተቋራጭ እንደያዘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ጽፈው ይስጧቸው። ኮሚቴው በመስክ ያላየውን እርስዎ በየቀኑ ያዩታል። ስብሰባው በቀጥታ ሲተላለፍ ደግሞ ሚኒስትሩ የሰጡትን ቁጥርና ቀን ብቻ ይመዝግቡ፤ ሌላው ቢቀር አይጎዳም። በዓመቱ ሪፖርቱ ሲቀርብ ከመዘገቡት ጋር ያስተያዩት፤ ካልገጠመ ለወኪልዎ ይንገሩ።

ባለሥልጣንን የሚያስጨንቀው የጠያቂው ቁጣ ወይም የንግግሩ ማማር አይደለም። ያንኑ ጥያቄ በዓመቱ፣ ያለፈውን መልስ በእጁ ይዞ የሚመለስ ምክር ቤት፣ ከኋላውም ያንኑ መልስ ያልረሳ ሕዝብ ሲኖር ነው ገንዘቡ ወደ ታሰበለት ሥራ የሚሄደው።