ቮልስ በቢሾፍቱ መንገድ

ቅዳሜ ማለዳ ለቡ መብራት ኃይል የተገናኘነው በአምስት መኪና ነው፤ ሦስት ቮልስ፣ አንድ ፔጆ 404 እና አንድ ፊያት ሰይቼንቶ። የምንሄደው ቢሾፍቱ፣ የአሮጌ መኪና ወዳጆች መኪኖቻቸውን አሰልፈው ለሕዝብ ወደሚያሳዩበት ግቢ ነበር። ሞተር እያሞቅን ሳለ አንድ አዛውንት ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ይቺ የማን ናት?" አሉኝ። "የአባቴ ነበረች፣ አባባ" አልኳቸው። ኮፈኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አድርገው መረቁን።

አባቴ መምህር ነበር። በእሱ ዘመን ቮልስ ደመወዝተኛ ቆጥቦ የሚገዛት መኪና ነበረች። የአገራችን ታሪክም ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህን የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም።

በኃይሌ ጋርመንት አድርገን ቃሊቲ ወጣን። የፍጥነት መንገዱን ትተን በአቃቂና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ መረጥን፤ ሲያስፈልገን ዳር ይዘን እንድንቆም።

አስፈለገንም። ዱከም ሳንደርስ ዳሽቦርዴ ላይ ቀይ መብራት በራ። ቮልስ የማያውቅ ሰው "ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ" ብሎ ይነዳል፤ ሞተሩንም ያቃጥላል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ የተቀመጠውን ሞተር የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለተተከለ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፣ መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ቀዩ መብራት "አሁኑኑ አጥፋ" ማለት ነው። አጠፋሁ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ትርፍ ቺንጋ ነበረኝ። የፔጆው ባለቤት በካቻቢቴ ደግፎ፣ በ21 ቁልፍ የዲናሞውን ዳዶ ፈታ፤ ፑሊው ለሁለት ተከፈለ። የቺንጋው ውጥረት የሚስተካከለው በፑሊው መካከል በሚገቡ ስስ ቀለበቶች ነው፤ ቀለበት ሲወጣ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። ሻይ ቀርቦልን ሳይበርድ ሥራው አለቀ።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ግን በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ መኪኖች ነበሩ። ይከበራሉ፤ ላሜራ ማቃናትና ቀለም ማስቀባት ቀላል ወጪ አይደለም። እኔ ግን በገዛ ሞተራቸው መንገዱን በልተው፣ አቧራ ለብሰው የመጡትን አስበልጣለሁ። መኪና የሚበላሸው ቆሞ ነው፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይደርቃል፣ የፍሬን ሲሊንደሩ ይዝጋል።

ኢትዮጵያ መኪናን ያወቀችውም በጉዞ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ፣ ሲድሌይ የምትባል መኪና እየነዳ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር በረሃና ዳገት አቋርጦ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። መንግሥታችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ለከተማችን አየር ይበጃልና አልቃወምም። ነገር ግን እዚህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ምትክ የላቸውም፤ ያሉት እነዚሁ ናቸው። በሌሎች አገሮች 30 ዓመት ያለፈው መኪና እንደ ቅርስ ታይቶ ለብቻው የሚመዘገብበት ሥርዓት አለ። እኛም ያስፈልገናል፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ የሚቀርብ የ1950ዎቹ ቮልስ ትናንት በገባ መኪና መለኪያ ሊመዘን አይገባም።

እናንተም፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ የአባት ወይም የአያት መኪና ካለ ለቁራሌው አትስጡት። ሊብሬውን ፈልጋችሁ አስቀምጡ፤ ቮልስ የሚያውቁ አሮጌ መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ጥሩና አስነሱት።